የመጋቢነት ዝግጅት፦ ሴሚናሪ፣ የርቀት ትምህርት ወይስ ከአንድ መጋቢ እግር ሥር?

አንድ ወንድም ባለፈው ዓመት ሦስት ነገር ይዞ ወደ እኔ መጣ። የመጀመሪያው አሜሪካ ካለ አንድ ሪፎርምድ ሴሚናሪ የደረሰው የመቀበያ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የአጥቢያው ሽማግሌዎች "እዚሁ ሁን፣ ከእኛ ጋር እያገለገልክ ተማር" ያሉት ቃል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስልኩ ላይ የጫነው፣ ምንም የማያስከፍል የነገረ መለኮት ትምህርት ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። "የቱን ልያዝ?" አለኝ።

ይህን ጥያቄ በተለያየ መልክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አዲስ አበባ ካሉ ወጣቶች፣ ቨርጂኒያና ዳላስ ሌሊቱን መኪና እየነዱ ቀን ከሚያገለግሉ አባቶች፣ ዓረብ አገር ሆነው የጸሎት ኅብረት ከሚመሩ እኅቶች። ነገሩ የሚያደናግረው አማራጩ ስለበዛ ብቻ አይደለም። አማራጮቹ የሚሰጡት ነገር ስለሚለያይ ነው። አንዱ ዲግሪ ይሰጣል። ሌላው እውቀት ይሰጣል። ሌላው ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ላይ ካላስቀመጥናቸው እንዲሁ ስንዋልል እንከርማለን።

ቃሉን እናጥራ

"ሪፎርምድ" ስል በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዙሪያ "ተሐድሶ" እየተባለ የሚጠራውን እንቅስቃሴ ማለቴ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን ከዙሪክና ከጄኔቫ ተነሥቶ የመጣውን፣ ዛሬ የሪፎርምድና የፕሬስቢቴሪያን አብያተ ክርስቲያናት የያዙትን ወግ ማለቴ ነው። መታወቂያው የእምነት መግለጫዎቹ ናቸው። የ1561ዱ የቤልጂክ መግለጫ፣ የ1563ቱ የሃይደልበርግ ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተጻፈ የእምነት ትምህርት)፣ ከ1618 እስከ 1619 የተቀመጠው የዶርት ጉባኤ ውሳኔዎች፣ በ1640ዎቹ የተዘጋጀው የዌስትሚኒስተር መግለጫ። ሪፎርምድ ባፕቲስቶች ደግሞ የ1689ኙን የለንደን መግለጫ ይይዛሉ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ይህ ወግ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1919 ከሱዳን ተሻግሮ ወደ ደምቢ ዶሎ ገባ። ከዚያ ሥራ የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ሆናለች። ከቤቴል የመጀመሪያ አገልጋዮች አንዱ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ነበሩ፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዐይናቸውን አጥፍቶታል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ ምእመናኑን ይዘው ከቆዩት መካከል ናቸው። የሴሚናሪ ዲግሪ አልነበራቸውም። የነበራቸው ቃሉን ያስያዟቸውና አብረዋቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህንን የማነሣው ትምህርት አያስፈልግም ለማለት አይደለም። መጋቢ የሚሠራበት መንገድ ከአንድ በላይ እንደሆነ ከራሳችን ታሪክ ስለምናይ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ሰው ነው። በዚህ መንገድ ብሄድ ሕይወቴን በቅርበት የሚያይ፣ "ይህ ልክ አይደለም" የሚለኝ መጋቢ ማን ነው? ስሙን መጥራት ካልቻላችሁ ዝግጅቱ ጎዶሎ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 እና በቲቶ 1 የዘረዘረውን አንብቡ። ማስተማር መቻል ከዝርዝሩ አንዱ ነው። የቀረው አብዛኛው ራስን መግዛት፣ እንግዳ መቀበል፣ ገንዘብን አለመውደድ፣ ቤትን በደንብ ማስተዳደር ነው። እነዚህን የፈተና ወረቀት አያያቸውም። ቤታችሁ ገብቶ ሻይ የጠጣ ሰው ግን ያያቸዋል።

የራሴን ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ያህል በርቀት ተምሬ ነበር። ውጤቴ ጥሩ ነበር። ስለ እግዚአብሔር ሉዓላዊነት ያለ ማስታወሻ ማስረዳት እችል ነበር። አንድ ቀን ልጇን በመኪና አደጋ ያጣች እናት ቤት ለቅሶ ሄድን። ብዙ ተናገርኩ። ከሚገባው በላይ። አብረውኝ የነበሩት አረጋዊ መጋቢ ግን አንድ መዝሙር አነበቡላት፣ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጠው ዝም አሉ። ስንወጣ "ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው። ግን የመለስከው ለፈታኝ እንጂ ለእሷ አይደለም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤትና ሆስፒታል አስከትለውኝ ዞሩ። ያን ዓመት በየትኛውም ክሬዲት አልለውጠውም።

ሁለተኛው የእምነት መግለጫው ነው። "ሪፎርምድ ነን" የሚል ድረ ገጽ በቂ አይደለም። መምህራኑ የትኛውን መግለጫ ነው የፈረሙት? ይፈርማሉ ወይስ "እናከብረዋለን" ብቻ ነው የሚሉት? ልዩነቱ ትልቅ ነው። በጥምቀት ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ላይ፣ በጸጋ ስጦታዎች ላይ የአጥቢያችሁ አቋም ከትምህርት ቤቱ ጋር የት ላይ እንደሚለያይ አስቀድማችሁ እወቁ።

ዕብራይስጥና ግሪክም በሚዛኑ ላይ መግባት አለባቸው። ሪፎርምድ ወግ መጋቢው ቃሉን ከምንጩ እንዲያነብ አጥብቆ ይፈልጋል። እዚህ ላይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ዕድል አለን። ዕብራይስጥ የአማርኛና የግዕዝ ዘመድ ነው። "ሻሎም" ሰላም ነው። "ሼም" ስም ነው። "ባይት" ቤት፣ "ዓይን" ዓይን፣ "ሮሽ" ራስ ነው። አሜሪካዊው የክፍል ጓደኛችሁ የሦስት ፊደል ሥርን ጽንሰ ሐሳብ ለመልመድ ሲታገል እናንተ "ለካ ይህ ነው!" ትላላችሁ። ስለዚህ ዕብራይስጥን "ከባድ ነው" ብላችሁ አትዝለሉት።

ስብከት የሚለመደው በመስበክና በመታረም ነው። በዓመት ስንት ጊዜ ትሰብካላችሁ? ከሰበካችሁ በኋላ ማን ቁጭ ብሎ ያርማችኋል? ሁለት ጊዜ ሰብኮ የተመረቀ ሰው አውቃለሁ።

ሹመቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነም ጠይቁ። በሪፎርምድ ሥርዓት ሴሚናሪ መጋቢ አይሾምም። የውስጥ ጥሪ፣ ማለትም በልባችሁ የሚሰማችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን የውጭ ጥሪ መረጋገጥ አለበት። ለምሳሌ በ1973 በተመሠረተችው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን፣ በአጭሩ ፒሲኤ፣ እጩው በፕሬስቢተሪ ሥር ይሆናል። ፕሬስቢተሪ ማለት የአንድ አካባቢ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት የተግባር ልምምድ ያደርጋል። ከዚያ በመጽሐፍ ቅዱስ እውቀት፣ በነገረ መለኮት፣ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ በአስተዳደር ሥርዓት ይፈተናል። ፊታቸውም ይሰብካል። ዲግሪ ይዞ እዚህ የወደቀ አለ። ስለዚህ "የሚሾመኝ አካል ምን ይጠይቃል?" የሚለው ጥያቄ ከምዝገባ በፊት ይቅደም።

ገንዘብና ቤተሰብን በተመለከተ ረጅም ነገር አልልም። ሚስታችሁ በሙሉ ልቧ ያልተስማማችበትን ዕቅድ አትጀምሩ።

የመጨረሻው አማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ የተማርነውን በእንግሊዝኛ አስበን በአማርኛ ስንሰብክ ምእመኑ አይሰማንም። ሕዝባችን "ኪዳን" የሚለውን ቃል ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ የሚሰማው ግን በሌላ ትርጉም ሊሆን ይችላል። የኪዳንን ነገረ መለኮት ስታስተምሩ ከዚያ ከሚያውቀው ተነሥታችሁ ወደ አብርሃም መውሰድ ይኖርባችኋል። ይህንን የትኛውም የውጭ ሴሚናሪ አያስተምራችሁም።

ውጭ አገር ሄዶ በአካል መማር

በሪፎርምድ ዓለም የተለመደው ሙሉ መንገድ ኤም.ዲቭ (ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ) የሚባለው ዲግሪ ነው። በሙሉ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይወስዳል። ወደ 100 ክሬዲት ገደማ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች፣ ሥነ አፈታት፣ ሥልታዊ ነገረ መለኮት፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ሥነ ስብከት፣ የእረኝነት ምክር አሉበት።

ስማቸው የሚነሣ ትምህርት ቤቶች አሉ። በ1929 ግሬሻም ሜቸን ከፕሪንስተን ወጥቶ በፊላደልፊያ ያቋቋመው ዌስትሚኒስተር ሴሚናሪ አለ። በ1966 በጃክሰን፣ ሚሲሲፒ የተጀመረው ሪፎርምድ ቲኦሎጂካል ሴሚናሪ አለ። በግራንድ ራፒድስ ካልቪን ሴሚናሪ ከ1876 ጀምሮ፣ ፒዩሪታን ሪፎርምድ ደግሞ ከ1995 ጀምሮ አሉ። በአፍሪካም በኬፕታውን በ1989 የተከፈተው ጆርጅ ኋይትፊልድ ኮሌጅ አለ፤ በአንግሊካን ወግ ውስጥ ያለ ሪፎርምድ ትምህርት ቤት ነው። ለዋጋም ለባህልም ከአሜሪካ የሚቀርበን እሱ ነው።

ጥንካሬው ግልጽ ነው። ቋንቋውን በደንብ ትማራላችሁ። ቤተ መጻሕፍት አለ። ከምሳ በኋላ መምህሩን ኮሪደር ላይ ይዛችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ ይህንን ዕድል ያገኘ ሰው ላይ አልቀናም ብል ሐሰት ነው።

ወጪው ግን ከባድ ነው። ከአሜሪካ ሪፎርምድ ሴሚናሪዎች ብዙዎቹ ለአንድ ክሬዲት ከ500 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። በ100 ክሬዲት ሲባዛ ከ50,000 ዶላር በላይ ነው። ቤት ኪራይና ምግብ አልገባበትም። ነጻ የትምህርት ዕድል አለ፣ ለውጭ አገር ተማሪ በተለይ የሚሰጡም አሉ፤ ነገር ግን "የትምህርት ክፍያ" ሲሉ ኑሮን እንደማይጨምር ለይታችሁ ጠይቁ። ቪዛውም ላይ ገደብ አለ። በተማሪ ቪዛ የሄደ ሰው በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ ያውም በግቢው ውስጥ ነው መሥራት የሚችለው። ተከትላው የሄደች ሚስት በዚያ ቪዛ መሥራት አይፈቀድላትም። አምስት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሌላው አደጋ አለመመለስ ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አራት ዓመት ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሚስት ወዳጅ አፍርታ፣ እናንተም በእንግሊዝኛ መስበክ ለምዳችሁ ሲያበቃ መመለስ እውነትም ይከብዳል። የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ ከመሄዳቸው በፊት አንዲት የምትጠብቃቸው አጥቢያ የነበረቻቸው ናቸው።

ውጭ ለሚኖረው ወገናችን ግን ሒሳቡ ይለያል። ሪፎርምድ ቲኦሎጂካል ሴሚናሪ በዋሽንግተን አካባቢ በማክሊን፣ እንዲሁም በአትላንታ፣ በዳላስና በሂዩስተን ቅርንጫፎች አሉት። ሐበሻ በብዛት ያለባቸው ከተሞች ናቸው! ሥራ ሳትለቁ፣ በአማርኛ ጉባኤያችሁ እያገለገላችሁ፣ በየሴሚስተሩ አንድ ሁለት ኮርስ መውሰድ ትችላላችሁ። ስድስት ሰባት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

አገር ቤት ያሉ ኮሌጆች

አዲስ አበባ ውስጥ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ከ1960 ጀምሮ አለ። የኢትዮጵያ ድህረ ምረቃ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ደግሞ በ1997 ተቋቁሞ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። ሌሎች የወንጌላውያን ኮሌጆችም አሉ። እነዚህ በሪፎርምድ መግለጫ ላይ የቆሙ አይደሉም። መካነ ኢየሱስ በዋናነት ሉተራን ናት፣ የቤቴልን የፕሬስቢቴሪያን ውርስም ይዛለች። ድህረ ምረቃው የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ተማሪዎች የሚገናኙበት ነው።

ታዲያ ለምን ከአማራጭ አስገባኋቸው? ምክንያቱም ለብዙ ሰው ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። ከአጥቢያችሁ አትነቀሉም። ወጪው ከውጭው ጋር አይወዳደርም። መምህራኑ የኛን ለቅሶ፣ የኛን ሠርግ፣ የኛን የነቢያት ጣጣ ያውቁታል። አብራችሁ የምትማሩት ሰው ነገ በአጎራባች አጥቢያ መጋቢ ይሆናል።

የጎደለውን በራሳችሁ መሙላት ይቻላል። የሃይደልበርግ ካቴኪዝም 129 ጥያቄዎች በ52 ሳምንት ተከፋፍለዋል፤ ሆን ተብሎ ለአንድ ዓመት የተዘጋጀ ነው። የዌስትሚኒስተር መግለጫ 33 ምዕራፎች አሉት፣ በወር ሦስት ብታነቡ ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ይህንን ብቻችሁን ሳይሆን ከሪፎርምድ መጋቢ ጋር፣ ጥቅሶቹን አንድ በአንድ እየከፈታችሁ አድርጉት። ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር በፍቅር ስትከራከሩም የያዛችሁትን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ሲያመለክቱ ስለ ዕውቅና መጠየቅ አይዘንጋ። በአፍሪካ ያሉ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝን አክቲያ የሚባል አካል አለ። ወደፊት ማስተርስ ወይም ዶክትሬት የምታስቡ ከሆነ የዛሬው ዲፕሎማ ነገ ተቀባይነት ይኑረው አይኑረው ዛሬ ነው የሚታወቀው።

የርቀትና የኦንላይን ትምህርት

ይህንን አማራጭ የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቀውም፣ ያደግሁበት ነው። ከታወቁት መልኮቹ አንዱ ከፕሬስቢቴሪያኖች የመጣ ነው። በ1963 በጓቲማላ ያለ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ እውነተኞቹ መሪዎች በየገጠሩ፣ ቤተሰብ ያላቸው፣ ከእርሻቸው መነቀል የማይችሉ ሰዎች መሆናቸውን አየ። ስለዚህ ተማሪውን ወደ ሴሚናሪ ማምጣቱን ትቶ ሴሚናሪውን ወደ ተማሪው ወሰደ። ተማሪው ቤቱ ያነባል፣ መምህሩ በየሳምንቱ በአቅራቢያው ይመጣል፣ አብረው ይወያያሉ። ዛሬ ቲኢኢ የምንለው ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ነው።

ልብ በሉ፣ በዚያ ሥርዓት የሳምንቱ ስብሰባ ግማሽ ጎኑ ነበር። ዛሬ ኦንላይን ብለን የምንጠራው ብዙው ነገር ያንን ግማሽ ጥሎታል። ቪዲዮው አለ፣ ሰውየው የለም።

ነጻው ብዙ ነው። ተርድ ሚሌኒየም የሚባለው አገልግሎት ሙሉ የሴሚናሪ ደረጃ ትምህርት በነጻ ይሰጣል። ሪፎርምድ ቲኦሎጂካል ሴሚናሪም የክፍል ትምህርቶቹን ድምፅ በስልክ መተግበሪያ በነጻ ለቋል። እነዚህ እውነተኛ ሀብት ናቸው። የሚከፈልባቸው የኦንላይን ዲግሪዎችም አሉ፣ የክሬዲት ዋጋቸው ግን ብዙ ጊዜ ከአካል ትምህርቱ ብዙ አይርቅም።

ድክመቱን በራሴ ስላየሁት ደግሜ አልሄድበትም። አንድ ብቻ ልጨምር። ብቻውን በስልክ ተምሮ ሪፎርምድ የሆነ ወጣት ብዙ ጊዜ ወደ አጥቢያው የሚመለሰው ሊያርም ነው። ሽማግሌዎቹን ይንቃል። ያሳደጉትን ሰዎች ጸሎት "መሠረት የሌለው" ይላል። የጸጋን ትምህርት ተምሮ ጸጋ የሌለው ይሆናል። ይህ ከደረሰባችሁ፣ ወይም ሲጀምራችሁ ከተሰማችሁ፣ ለጊዜው ቪዲዮውን ዝጉና አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሂዱ።

በአጥቢያ ውስጥ፣ ከመጋቢ እግር ሥር

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህንን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የቆሎ ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ሲቀመጥ ዜማውንም አነጋገሩንም አኗኗሩንም ነው የሚቀዳው። በሪፎርምድ ታሪክም አንድ የማይረሳ ምሳሌ አለ። ይህን ወግ በጄኔቫ ከመሩት አንዱ በነበረው በጆን ካልቪን ዘመን የጄኔቫና የአካባቢዋ መጋቢዎች በየዓርቡ ይሰበሰቡ ነበር። አንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ይፈታል፣ ሌሎቹ ይጨምራሉ፣ ያርማሉ። በዓመት አራት ጊዜ ደግሞ በዝግ ተሰብስበው የእርስ በርሳቸውን ሕይወትና ትምህርት ይገመግሙ ነበር። መጋቢዎች የሚሠለጥኑበት የጄኔቫ አካዳሚ የተከፈተው በ1559 ነው። የመጋቢዎቹ ስብሰባ ከእሱ ይቀድማል።

በ18ኛው መቶ ዘመንም ዊልያም ቴነንት በፔንስልቫኒያ በግንድ በተሠራች አንዲት ክፍል ወጣቶችን ለአገልግሎት አሠልጥኗል። ሰዎች በንቀት "የግንድ ኮሌጅ" ይሏት ነበር። ከዚያች ክፍል የወጡት በዘመናቸው መነቃቃት ውስጥ ከቀዳሚዎቹ ሰባኪዎች መካከል ሆነዋል።

ዛሬ ብዙ አጥቢያዎች ይህንን በኢንተርንሺፕ መልክ ያካሂዳሉ። በዋሽንግተን ያለው የካፒቶል ሂል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የአምስት ወር ፕሮግራም ታዋቂ ነው። ልምምድ የሚያደርጉት ብዙ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ ተቀምጠው ያያሉ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ የትም አጥቢያ በአቅሙ ሊያደርገው የሚችል ሐሳብ ነው።

ግን ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ የመጋቢው ጣሪያ የእናንተም ጣሪያ ይሆናል። እሱ ግሪክ ካላነበበ እናንተም አታነቡም። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። በአገራችን "የመንፈስ አባቴ" የሚባል፣ ማንም የማይጠይቀው፣ ልብሱ እንኳ የሚኮረጅ መሪ በዝቷል። እንዲህ ያለው ሰው ሜንተር፣ ማለትም አብሮ እየኖረ የሚያሠለጥን መሪ፣ አይደለም። ጥሩ ሜንተር እሱ ራሱ ለሌሎች ሽማግሌዎች ተጠያቂ ነው፣ ሒሳቡ ይመረመራል፣ ስብከቱ ይታረማል። "አንተን ማን ያርምሃል?" ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁት። ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

እውነተኛ ሜንተርነት በተግባር ምን ይመስላል? በወር ቢያንስ አንድ ስብከት ሰብካችሁ በማግሥቱ አብራችሁ ታያላችሁ። በሳምንት አንዴ ጉብኝት አብራችሁ ትወጣላችሁ። የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ስለ ትዳራችሁና ስለ ገንዘባችሁ ትጠየቃላችሁ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ "ቀጥል" ወይም "ይህ ጥሪህ አይመስለንም" የሚል ግልጽ ቃል ትሰማላችሁ። ያንን ሁለተኛውን ቃል ለመናገር የሚደፍር ሜንተር ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

በአንድ ሠንጠረዥ

| መስፈርት | ውጭ አገር ሴሚናሪ | አገር ቤት ኮሌጅ | ኦንላይን | በአጥቢያ ልምምድ |
|---|---|---|---|---|
| ቅርብ ሜንተር | በምትሄዱበት አጥቢያ ይወሰናል | ቀድሞ ያላችሁ ይቀጥላል | ራሳችሁ ካልፈለጋችሁ የለም | ዋናው ጥንካሬው |
| የእምነት መግለጫ | ግልጽ፣ የተፈረመ | ሪፎርምድ አይደለም፣ ይሞላል | እንደ ተቋሙ | እንደ መጋቢው |
| ዕብራይስጥና ግሪክ | ጠንካራ | እንደ ፕሮግራሙ | ይቻላል፣ ጽናት ይፈልጋል | አብዛኛውን ጊዜ ደካማ |
| የስብከት እርማት | መካከለኛ | መካከለኛ | ደካማ | ጠንካራ |
| ወጪ | በጣም ከፍተኛ | ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ | ከነጻ እስከ ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| ጊዜ | 3–4 ዓመት | 2–4 ዓመት | እንደ አቅም | ከ5 ወር እስከ 2 ዓመት |
| አማርኛ አገልግሎት | ሊዳከም ይችላል | ጠንካራ | በእናንተ ይወሰናል | ጠንካራ |
| ትልቁ አደጋ | አለመመለስ፣ ዕዳ | የሪፎርምድ መሠረት መላላት | ብቸኝነትና ትዕቢት | በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠል |

ለማን የቱ?

ላላገባ ወጣት፣ አዲስ አበባ ላለ፦ አንድ ዓመት በአጥቢያ ተለማመዱ፣ ከዚያ አገር ቤት ኮሌጅ ግቡ። ውጭ ማስተርስ ቢመጣ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ያኔ የምታጠኑትን ለማን እንደምታጠኑ ታውቃላችሁ።

ባለ ትዳርና ባለ ሥራ ለሆነ፣ በጀቱ ጠባብ ለሆነ፦ ነጻውን ኦንላይን ትምህርት ውሰዱ፣ ግን ቲኢኢው የነበረውን ግማሽ መልሱበት። ሦስት አራት ሰው ሰብስቡ። በሳምንት አንድ ምሽት፣ አንድ መጋቢ መካከላችሁ ተቀምጦ፣ ያያችሁትን ተወያዩበት። የግሪክ ፊደልን በራሳችሁ ጀምሩ። 24 ፊደላት ናቸው፣ ፊደል ገበታ ቆጥሮ ላደገ ሰው ሁለት ሳምንት አይፈጅም።

አሜሪካ ላለ፣ በአማርኛ ጉባኤ ለሚያገለግል፦ ቅርንጫፍ ካለበት ከተማ ከሆናችሁ ቀስ እያላችሁ በአካል ተማሩ። ከዚህ ጋር በአካባቢያችሁ ካለ የሪፎርምድ ወይም የፕሬስቢቴሪያን አጥቢያ መጋቢ ጋር ተዋወቁ። የሹመት መንገዱንም ከመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። የአማርኛ ጉባኤያችሁ የሌላ ቤተ እምነት አባል ከሆነ ሳትደብቁ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋገሩ።

ዓረብ አገር ሆናችሁ ኅብረት ለምትመሩ፦ ቀኑን ሙሉ ሠርታችሁ ማታ ስልክ ላይ የምትማሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ ድካማችሁን ጌታ ያያል። ትምህርቱን በድምፅ አውርዳችሁ ሥራ ላይ ስሙት። አገር ቤት ወይም እዚያው ካለ የታመነ መጋቢ ጋር በወር ሁለቴ በስልክ የመነጋገር ቀጠሮ ያዙ። ምን እንደምታስተምሩ ይስማ። አሁን የሚያስፈልጋችሁ ዲግሪ ሳይሆን ይህ ሰው ነው።

እኅቶች ሌላም ጥያቄ ይጠይቁኛል። ስለ ሴቶች የመጋቢነት ሹመት ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት አንድ አቋም የላቸውም። ፒሲኤና ኦርቶዶክስ ፕሬስቢቴሪያን የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ለወንዶች ብቻ ይሰጣሉ። ሰሜን አሜሪካ ያለችው ክርስቲያን ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። መካነ ኢየሱስም ሴቶችን ትሾማለች። ጊዜና ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሚልካችሁን አካል አቋም በጽሑፍ ጠይቁ። የነገረ መለኮት ትምህርቱ ግን በብዙዎቹ ዘንድ ክፍት ነው። በየኅብረቱ ቃሉን በጥንቃቄ የምታስተምር እኅት ምን ያህል እንደምታስፈልግ እናንተው ታውቃላችሁ።

ያ ሦስት ነገር ይዞ የመጣው ወንድም? ከሚስቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ሁለት ሳምንት ጸለዩ። ሴሚናሪውን መቀበያው ለአንድ ዓመት እንዲቆይለት ጠየቀ፣ ፈቀዱለት። ሴት ልጅ ወለዱ። አሁን በየዓርቡ ጠዋት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሃይደልበርግን ያነባል። በወር አንዴ ይሰብካል፣ ሰኞ ማታ ያርሙታል። ባለፈው ስንገናኝ 14ኛው ሳምንት ላይ ደርሰው ነበር፣ ስለ ክርስቶስ ከድንግል መወለድ የሚናገረው ክፍል ላይ። ልጁን ታቅፎ ነበር ያነበበልኝ።